እጄን የሰበሰብኩበት ጸደይ

ማርች 3፣ ሰኞ

ዛሬ ስድስት ጊዜ ተያዝኩ። የቆጠረችው ዪንግቺያ ናት። እኔ በበኩሌ የማምነው አራቱን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የዶውዶው ጫማ ነው። የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርጎ እንደ ዳክዬ ሲንገዳገድ እያየሁ ዝም ልበል? ጎንበስ ከማለቴ "ቲቸር፣ እጅዎን!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ዪንግቺያን እርሳስ አያያዝ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አፍንጫዋን የጠረግኩላት እኔ ነኝ። አሁን ርዕሰ መምህርት ሆና መጥታ፣ ሰው ኪስ ሲገባ እንደተያዘ ሌባ "እጅዎን" ትለኛለች። ለነገሩ የምትለው በአክብሮት ነው።

ነገሩን ደግሜ ልጻፈው፣ ምናልባት ይገባኝ ይሆናል። ካለፈው መኸር ወዲህ የወረዳው መዋዕለ ሕፃናት ሁሉ የሚሠሩት በአዲሱ አካሄድ ነው። ልጆቹ መሰላል፣ ሳንቃ፣ በርሜልና ጭቃ ይሰጣቸዋል፤ የሚጫወቱትን ራሳቸው ይመርጣሉ። መምህሩ እጁን ሰብስቦ፣ አፉን ዘግቶ፣ ዓይንና ጆሮውን ከፍቶ ይቆማል። በስልኩ ይቀርጻል። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የተጫወቱትን ይስላሉ፤ ስለ ሥዕሉ የሚሉትን መምህሩ ከሥሩ ቃል በቃል ይጽፍላቸውና በልጆቹ ቁመት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አለቀ። ማስተማር ማለት ይሄ ነው። ሰላሳ አንድ ዓመት ስለፈልፍ የኖርኩት ለካ በከንቱ ነው።

ከሰዓት ደብዳቤ መጣ። ሜይ 23 ከወረዳው ገምጋሚዎች ይመጣሉ። የእኛ የመንደሩ ልጆች አሥራ ስምንት ብቻ ናቸው፤ ግምገማውን ካላለፍን መዋዕለ ሕፃናቱ ይዘጋና በየቀኑ በአውቶብስ ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ሃምሳ ደቂቃ ጠመዝማዛ መንገድ። ዶውዶው ሁለተኛው ኩርባ ላይ ያስመልሰዋል፤ አውቀዋለሁ፣ እናቱንም ያስመልሳት ነበር።

እኔ እንኳ ምንም አልሆንም። ጁላይ ላይ ጡረታ ወጪ ነኝ። የማስበው ለልጆቹ ነው።

ማርች 5

ትናንት የቀረጽኩትን ለልጆቹ በትልቁ ስክሪን አሳየናቸው። ሌይሌይ በርሜል ላይ ሳንቃ ሊያስቀምጥ ይታገላል። መሃል ላይ ከጎን አንድ እጅ ብቅ ብሎ ሳንቃውን ቀና ያደርጋል።

"ይሄ እጅ የማን ነው?" አለ ሌይሌይ።

"የቲቸር ዉ!"

"እዩት እዩት፣ ሌላም መጣ!"

ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ማን ያየዋል። እጅ ቆጠራ ሆነ። አሥራ አንድ ደረሱ። ዪንግቺያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቢያንስ ሒሳብ ተማሩ ብዬ ተጽናናሁ።

ማርች 11

ዝናብ። ጭቃ። አያቶች።

ልጅ ሲሮጥ ያልበዋል፣ ላቡ ሲቀዘቅዝ ይታመማል፣ ስለዚህ ጀርባው ላይ ከሸሚዙ ሥር ፎጣ ይገባል። የመንደራችን አያቶች ከዚህ በላይ የሚያምኑበት ነገር የለም። ዪንግቺያ ደግሞ ልጆቹ ፎጣቸውን ራሳቸው ይቀይሩ አለች። ዛሬ ስድስት አያቶች በአጥሩ ላይ ነጭ ነጭ ፎጣ እያውለበለቡ "ና ወዲህ! ጀርባህን!" ሲሉ፣ ከሩቅ ላያቸው እጁን የሰጠ ጦር ይመስላሉ።

ከሁሉም የባሱት ጋሽ ኒ ናቸው፣ ወንበር ሠሪው፣ የሺያውማን አያት። "ቹንፌን፣ በርሜል እኮ እኔም ቤት አለ" አሉኝ። "ለማንከባለል ከሆነ ምን አስላካት? እስከ መቶ መቁጠር የት ደረሰ? አንቺ የድሮዋ መምህርት ነሽ፣ ምን ነካሽ?"

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ዪንግቺያ አየችኝ። ዘጋሁት።

ሺያውማን ደግሞ አምስት ዓመቷ ነው። መሰላል ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰው ታያለች፣ ሌላ ሥራ የላትም። ከሁላችንም ደንቡን የምታከብረው እሷ ናት።

ማርች 14

መላ አገኘሁ! የሱፍ ፍሬ! ሁለቱንም ኪሶቼን ሞልቼ ቆምኩ። እየፈለፈሉ ሲበሉ እጅም አፍም ሥራ አለው። ሙሉ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ተያዝኩ።

ከሰዓት ዪንግቺያ መጥረጊያ ይዛ መጣች። የቆምኩበት ቦታ በቅርፊቱ ይታወቃል አለች።

ማርች 20

ዛሬ ሃምሳ አምስት ሞላኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴ ደሹን ከተራራው የቀርከሃ ቡቃያ ቆፍሮ አምጥቶ ከጨው ሥጋ ጋር ቀቀለልኝ። "ጁላይ ላይ ቤት ስትውዪ እኔንም እጅሽን ሰብስበሽ ታዪኝ ይሆናል፣ እፎይ እላለሁ" አለ። በጣም ሳቅሁ። ከዚያ ዕቃ አጠብኩ፣ የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩ።

ማርች 27፣ ሐሙስ

ምን ልበል! ዛሬ የሆነውን ምን ብዬ ልጻፍ!

ሌይሌይና ሌሎቹ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ እየቀጣጠሉ ከቧንቧው እስከ ታችኛው ግቢ ውሃ ሊወስዱ ተነሱ። ቀርከሃው መሃል ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ውሃው እዚያ ይደርስና ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዴ ዝቅ ቢያደርጉት ያልቅ ነበር። እጄን በላኝ። ምላሴን ነከስኩ። ሌይሌይ ውሃውን "ሂድ! ሂድ እንጂ፣ ሰነፍ!" እያለ ይቆጣዋል። አንዷ ከኋላ በመጥረጊያ ትገፋዋለች። ዶውዶው ጎንበስ ብሎ ይነፋበታል። አሥራ ሰባት ደቂቃ! በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አሥራ ሰባት ደቂቃ አላየሁም፣ ምጥ ይሻላል።

በመጨረሻ ሺያውማን ከመሰላሏ ወርዳ መጣች። አንድ ቃል አልተናገረችም። የኋላውን ጫፍ አንስታ በርሜል ላይ አስቀመጠችው። ውሃው ግልብጥ ብሎ ወረደ!

ማን የጮኸ ይመስልሃል፣ ደብተሬ? ከልጆቹ በፊት የጮኽኩት እኔ ነኝ። ጮቤ ረገጥኩ፣ በእውነት ረገጥኩ፣ ጭቃው እስከ ወገቤ ተፈናጠረ። ዪንግቺያም እየጮኸች ነበርና ልትይዘኝ አልቻለችም። ሁለታችንም አንጀታችን ቅቤ ጠጥቶ ዋልን።

ማታ ለደሹን በእራት ጊዜ በቾፕስቲክና በሾርባ ሠርቼ አሳየሁት። ሾርባው ጭኑ ላይ ፈሰሰ።

ኤፕሪል 7

ዪንግቺያ ከከተማ ክፉ ወሬ ይዛ መጣች። ከተራራው ወዲያ ያለው መንደር ተገምግሞ ወደቀ። ገምጋሚዋ ወይዘሮ ቱ የሚባሉ፣ ጥርሳቸው የማይታይ ሴት ናቸው አሉ። ያን ዕለት ልጆቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይሠሩ ጉንዳን ሲያዩ ዋሉ። ይዘጋል።

የእኛዎቹም እኮ ጉንዳን ይወዳሉ።

ሺያውማን ውሃውን ያስወረደች ቀን ምነው አልመጡ! ገምጋሚዎቹን ማለቴ ነው። እንደዚያ ያለ ቀን ደግሞ ተጠርቶ አይመጣም። ወይስ ይመጣል? ትንሽ ቢያግዙት?

ኤፕሪል 10

ልምምድ አይደለም። ማዘጋጀት ነው።

ዪንግቺያ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ለስብሰባ ወደ ከተማ ስለምትወርድ ያን ጊዜ ትንሽ እናዘጋጃለን። ድልድይ መርጫለሁ። ድልድይ ያምራል። ሁለት በርሜል፣ ሁለት መሰላል፣ ሳንቃ። መጀመሪያ ድልድዩ ይወዛወዛል። ሌይሌይ "ምን እናድርግ?" ይላል። ሁሉም ያስባሉ፣ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው። ከዚያ ሺያውማን በድንገት ሃሳብ ይመጣላታል፤ በርሜሉን በድንጋይ እንሙላው ትላለች። ይሞላሉ፣ ድልድዩ ይቆማል፣ ሌይሌይ ይደነቃል።

ሺያውማን በጥሞና አዳመጠችኝ። "ቲቸር፣ ሃሳቡ የሚመጣልኝ ከሳንቃው በፊት ነው በኋላ?"

"በኋላ፣ የኔ ቆንጆ።"

"እሺ።"

እንዴት ያለች ጎበዝ ልጅ ናት!

ኤፕሪል 24

ዛሬ ሦስቴ ተዘጋጀን። ሌይሌይ ገና በርሜሉ ሳይመጣ ተደነቀ። ትንሽ ቆይተህ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ፣ ማንም ድንጋይ ሳይነካ፣ እንደገና ተደነቀ። ድምፁ ግን ጥሩ ነው።

ከሰዓት የሁሉንም ሥዕል ጻፍኩ፣ ለጠፍኩ። እጄ ዝሏል። አሥራ ስምንት ልጅ ቀላል አይደለም።

ሜይ 9

ዪንግቺያ ግራ ገብቷታል። ጠዋት መሰላሉም በርሜሉም ወጥቶ ልጆቹ ተሰልፈው ቆሙ።

"ምን እየጠበቁ ነው?" አለችኝ።

"አየሩ ይሆናል" አልኳት።

ዶውዶው ወደኔ ዞሮ፣ "ቲቸር፣ ጀምሩ በይን እንጂ!" አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፣ የዶውዶው አፍ ግን ሲያመልጥ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሳልኩ። ሳልኩ፣ ሳልኩ። ዪንግቺያ ውሃ ልታመጣልኝ ሄደች።

ሺያውማን ከመሰላሏ ከወረደች ወር ሆናት። ለምን አትወጪም ብላት፣ "ሃሳቤን እንዳልረሳው እየያዝኩት ነው" አለችኝ።

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ድካም ነው። የሻይ ለቀማውም አለ።

ሜይ 21፣ ረቡዕ

ጉድ ፈላ!

ከሰዓት አንዲት መርፌ ቁልፍ ከኪሴ ወድቃ፣ ልፈልግ በግድግዳው ሥር ተንበረከኩ። ሥዕሎቹ ፊቴ ላይ ሆኑ። ሌላ ሰው እንዳይመስልህ፣ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ።

የሌይሌይ፦ "ይሄ ድልድዩ ነው። ይሄ እኔ ነኝ። ዛሬ አልደነቀኝም ነበር፣ ቲቸር ግን በደንብ ተደነቅ አለችኝ።"

የዶውዶው አንድ ትልቅ ክብ ነው፣ ዙሪያውን በጭረት የተሞላ፦ "ይሄ ቲቸር ናት። እነዚህ እጆቿ ናቸው። ወረቀቱ አለቀብኝ።"

የሺያውማን፦ "ይሄ ሃሳቤ ነው። ቲቸር ሰጠችኝ። እንግዶቹ ሲመጡ መልሼ አወጣዋለሁ።"

ስድስት ሳምንት ሙሉ! ስለ ድልድዩ ብቻ ዘጠና ያህል ወረቀት! ዪንግቺያ በሪፖርት ሥራ ተጠምዳ አጎንብሳ ካየች ቆይታለች። ገምጋሚዎቹ ግን መጀመሪያ የሚያዩት ግድግዳውን ነው። ሁሉንም ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፣ አንዱንም አልሰማሁም።

እስክሪብቶ አወጣሁ። "ሰጠችኝ" የሚለውን ሰርዤ "መጣልኝ" ላደርገው። አንድ ቃል ናት። ክዳኑን ከፍቼ ወረቀቱ ላይ ሳስጠጋው ሺያውማን ከጎኔ ቆማለች።

"ቲቸር፣ ምን እየጻፍሽልኝ ነው?" አለች። "እኔ እኮ ገና ምንም አልተናገርኩም።"

ክዳኑን መለስኩት። ጆሮዬ ድረስ እንደቀላሁ ይሰማኛል። በዚህ ዕድሜ።

ሜይ 22

ለዪንግቺያ ነገርኳት። ሁሉንም። ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ ዘጠናውንም አነበበች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ትስቃለች ብዬም ጠበቅኩ። ሁለቱንም አደረገች።

"ቲቸር" አለችኝ ተነስታ አቧራዋን እያራገፈች፣ "አራት ዓመቴ እያለሁ የከተማ እንግዶች ሲመጡ 'በመምጣታችሁ ደስታችን ወሰን የለውም' ብለን እንድናለቅስ ያለማመዱን ትዝ ይልዎታል?"

"በደንብ ነበር ያለቀስሽው።"

"ከሁሉም በላይ! ሽንኩርት ነበር የያዝኩት።" ወደ ግድግዳው ዞረች። "አሁን ምን እናድርግ?"

ወረቀቶቹን እናውርዳቸው ልል ነበር። አፌ ግን "ነገ በር ላይ እኔው እነግራቸዋለሁ" አለ። የኔ አፍ መሆኑን ለማረጋገጥ ዙሪያዬን አየሁ።

ሜይ 23፣ ዓርብ

ካለቀ አራት ሰዓት ሆኖታል። በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለዚያ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሆንብኛል።

ወይዘሮ ቱ ጨዋታውን በስልክ ከሚቀርጽ አንድ ወጣት ጋር ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ሌሊቱን ዘንቦ አባርቷል። ቀጭን ሴት ናቸው፣ ቡናማ የቆዳ ጫማ። ሰላምታ ሳልጨርስ አንድ ትንፋሽ ላይ አራገፍኩት፦ "ወይዘሮ ቱ፣ ልጆቹን አለማምጃቸዋለሁ፣ ዳይሬክተሯ አታውቅም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሚያዩት ጨዋታ ድራማ ነው።"

ሴትየዋ ደብተራቸውን ገለጡ። "ድልድይ ነው?"

"እንዴት አወቁ?"

"ሁልጊዜ ድልድይ ነው" አሉ። "እንግዲያው ድልድዩን ትተው ልያቸው።"

ልጆቹን ሰብስቤ ዛሬ ድልድይ የለም አልኳቸው። ሌይሌይ ፊቱ ተለዋወጠ። "ታዲያ መቼ ነው የምደነቀው?"

"አላውቅም" አልኩት። ለልጅ "አላውቅም" ስል የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ምንም። አምስት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ። አንድ ቀንድ አውጣ አገኙና ከበቡት። ቀንድ አውጣው እንኳ አይሄድም። ጋሽ ኒ ከአጥሩ ወዲያ ከአያቶቹ ጋር ቆመው "ይኸው! ትምህርቱ ይኸው!" ይላሉ። ዪንግቺያ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አለቀልን አልኩ። አውቶብሱ ታየኝ፣ ኩርባው ታየኝ፣ ዶውዶው ታየኝ።

ወይዘሮ ቱ ቀንድ አውጣውን ከወዲያኛው ወገን ሊያዩ በታችኛው ግቢ ዞሩ። ልጆቹ ለወራት የቆፈሩት፣ ውሃ ያጠጡት ቀይ ሸክላ ከላይ ሲታይ ደረቅ ይመስላል። ቀኝ እግራቸው እስከ ባት ድረስ ገባ። ሊያወጡ ሲሉ ግራው ተከተለ።

ሮጥኩ። ዪንግቺያም ሮጠች። ቀራጩም። ሴትየዋ ጭቃው ውስጥ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቆመው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱና፣ "እጅ! ማንም አዋቂ እንዳይነካኝ!" ብለው ጮኹ። ዓይናቸው ልጆቹ ላይ ነው። ልጆቹ ቀንድ አውጣውን ጥለው እየመጡ ነበር።

እዚህ ላይ ራሴን አውቃለሁ። ሦስት ርምጃ ላይ ቆሜ እጄን መሰብሰብ አልችልም። የሱፍ ፍሬም አልያዝኩም። አጠገቤ ከተጋደሙት በርሜሎች ወደ አንዱ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። በጎኑ አውራ ጣት የምታክል ቀዳዳ አለች። ለተመልካች ተስማሚ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ጎተቷቸው። ሰባት ልጅ በአንድ ክንድ።

"ቀስ! ቀስ! ክንዴ ይወልቃል!"

"ትልቅ ሰው ክንዱ አይወልቅም" አለ ሌይሌይ።

"አንተ ምን አውቀህ፣ የአጎቴ ወልቋል!"

"መጀመሪያ የምናወጣው እሷን ነው ጫማዋን?" ብላ አንዷ ጠየቀች። ረጅም ክርክር ሆነ። ጫማው ያምራል የሚሉ ብዙ ነበሩ። በድምፅ ብልጫ ሴትየዋ አለፉ።

ሌይሌይ ሳንቃ አመጣ፤ ሳንቃው ሰጠመ። መሰላሉን ጭቃው ላይ አጋደሙና ሳንቃውን በላዩ አደረጉት፤ እሱ አልሰጠመም። ሴትየዋ ሳንቃው ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ኒ አጥሩን ሊሰብሩት ደረሱ፦ "በግንድ ነው! በግንድ ፈልቅቁ! አንቺ ሺያውማን፣ ግንዱን ከሥር..."

"አባባ፣ አፍህን!" አለች ሺያውማን። ጋሽ ኒ አጥሩን ለቀቁ። እንዲያ ሲባሉ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነው።

በዚህ መሃል ዶውዶው በትንሿ ባልዲ ውሃ እያመላለሰ የሴትየዋ እግር ላይ ያፈሳል።

"ምን ታደርጋለህ አንተ? ጭቃ ትጨምራለህ!" ብለው ጮኹበት።

"እያጠብኳት ነው" አለ። "ቆሽሻለች።"

አራተኛ ባልዲ፣ አምስተኛ ባልዲ። ሺያውማን ብቻ ተጎንብሳ እግራቸውን ታያለች። ከዚያ ጮኸች፣ ያቺ ድምፅ የሌላት ልጅ፦ "ቆዩ! ቆዩ! ውሃው ሲገባ ጭቃው ይለቃታል! እግርሽን አወዛውዢ፣ እማማ! ዶውዶው፣ ጨምር!"

አሥራ ስምንት ልጅ ባልዲ፣ ኩባያ፣ የራሱን ቦቲ ሳይቀር ይዞ ወደ ቧንቧው ሮጠ። ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አላውቅም። ቀኙ እግር "ጵጵጵ" ብሎ ወጣ። ግራው ወጣ። ሌይሌይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያን የመሰለ መደነቅ ስድስት ሳምንት አስለማምጄ አንዴም አላገኘሁም።

ከዚያማ ዓለም ነው! ልጆቹ ጭቃው ላይ ይጨፍራሉ፣ አያቶቹ አጥሩ ላይ ፎጣ ያውለበልባሉ፣ ጋሽ ኒ "የኔ ልጅ ናት! የኔ ልጅ ናት!" እያሉ ያላወቃቸውን ያቅፋሉ፣ ቀራጩ ስልኩን ጥሎ ያጨበጭባል። ወይዘሮ ቱ ሳቁ፤ ጥርሳቸው አለ፣ አንዱ ወርቅ ነው። በዪንግቺያ የላስቲክ ቦቲ ወደ ከተማ ተመለሱ፣ የግራ ጫማቸው ገና አልተገኘም። ስለ ውጤቱ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ከበርሜሉ የወጣሁት ሁሉም ወደ ውስጥ ሲገቡ ነው። ማንም አላየኝም። እዚያ ውስጥ ስለተሰማኝ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ሜይ 30

ደብዳቤ የለም። የግራው ጫማ ተገኘ። ሥዕሎቹን ጻፍኩ፣ እያንዳንዱን ሁለቴ እያስደገምኩ። ሺያውማን መሰላሏ ላይ ተመልሳለች።

ጁን 4

ደብዳቤ የለም። ደሹን "ሴትየዋ በብርድ ታማ ይሆናል" አለ። ማንኪያ ወረወርኩበት።

ጁን 11፣ ረቡዕ

አይዘጋም! አይዘጋም! ለሌላ ሦስት ዓመት!

ዪንግቺያ ደብዳቤውን ግቢ ውስጥ ቆማ ጮክ ብላ አነበበች። ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጨፈሩ። ዶውዶው መጨፈሩን አቁሞ "ማን ተወለደ?" አለ። ጋሽ ኒ ሁለት ትንንሽ የቀርከሃ ወንበር ተሸክመው መጥተው፣ "ለመገጣጠም አይደለም፣ ዝግጁ ናቸው፣ ልጆቹ ግን ይፍቱት ካላችሁ ይፍቱት" አሉ።

ከደብዳቤው ሥር ስለኔ የተጻፈ አለ። ዪንግቺያ ፎቶ እንዳነሳው ፈቀደችልኝ፤ ቃል በቃል ልገልብጠው፦ "ክስተቱ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ፈጅቷል። በዚህ ጊዜ ሁሉ መምህርት ዉ ቹንፌን በልጆቹ ሥራ ውስጥ አልገቡም። እኔ ራሴ ጭቃው ውስጥ ሆኜ በዓይኔ ፈልጌ አጣኋቸው። በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ራሱን የሰበሰበ መምህር አላጋጠመኝም።"

"ቲቸር" አለችኝ ዪንግቺያ፣ "ግን የት ቆመው ነበር?"

"ቅርብ።"

"የት ቅርብ?"

"በጣም ቅርብ።"

በተጠራጠረ ዓይን አየችኝ። "ሴፕቴምበር ላይ የወረዳው መምህራን ሊጎበኙን ይመጣሉ። ቦታውን እርስዎ እንዲያሳዩአቸው ጠይቀዋል።"

"ሴፕቴምበር ጡረታ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ይመጣሉ?"

ጉልበቴን ካላመመኝ አልኳት። ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም።

ቤት ስገባ ለደሹን አነበብኩለትና ወጥ ቤቱን ዞርኩ፣ ድስት ክዳን ይዤ። "ሰላሳ አንድ ዓመት ሠርተሽ 'ፈልገን አጣናት' ሲሉሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው?" አለኝ። አዎ! አዎ፣ እንዲህ ነው የምሆነው!

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍ። በርሜሉ ውስጥ የገባሁት እጄን ስላላመንኩት ነው፣ እሱ እውነት ነው። ከገባሁ በኋላ ግን እጄን ረሳሁት። ጆሮዬን ቀዳዳዋ ላይ ለጥፌ የጠበቅኩት ሌላ ነገር ነው። በሰላሳ አንድ ዓመት ውስጥ "ቲቸር" ሳልባል ሃምሳ ደቂቃ አልፎኝ አያውቅም። አሁን ይጠሩኛል አልኩ። ሳንቃው ሲሰጥም፣ አሁን። እግሩ እንቢ ሲል፣ አሁን። ሲጠሩኝ እንዴት ብዬ እንደምወጣ፣ መጀመሪያ ምን እንደምላቸው ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አንድም ልጅ አልጠራኝም። አንዴም ዞር ብሎ የፈለገኝ የለም። ጉልበቴን አቅፌ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ደግሞ ውጭ ሺያውማን "ጨምር!" ስትል ሰማሁና ሳቄ መጣ፣ በርሜሉ እንዳያስተጋባብኝ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት።

አልጠሩኝም። ደስ ብሎኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል። እንግዲህ ጁላይ ላይ መውጣት እችላለሁ።